አቶ አለበል ያሰሩት ማተብ

አቶ አለበል ታፈረ ከአባታቸው ከአቶ ታፈረ ሞላና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ጸጋዬ በ፲፰፻፺፬ ዓ.ም. ከንፋስ መውጫ ወዲያ በዚሁ አጥቢያ ተወለዱ። ከመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ዳዊት ደግመው ቅኔ ሲጀምሩ አባታቸው ስላረፉ ወደ እርሻ ተመለሱ። በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ላቀውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ለረጅም ዘመንም የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ሆነው መርተውናል። ስንቱን የተጣላ አስታረቁ! እኔን የወንድማቸውን ልጅ ጨምሮ።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በደላንታ ዝናብ ጠፍቶ ሕዝቡ በጨጨሆ በኩል ወደኛ ፈለሰ። አጥቢያው መክሮ፣ «ማተብ ያለው ይግባ፤ የሌለው ይለፍ» አለ። አቶ አለበል፣ ይመር የሚባል እስላም ከሚስቱና ከሁለት ጎረምሶች ልጆቹ ጋር መንገድ ዳር ወድቆ አገኙ። ከወይዘሮ ስንዱ እንዝርት ክር ቆርጠው በአራቱም አንገት ማተብ አሰሩ። ይመርም ስለ ልጆቹ ሲል አንገቱን ሰጠ።

ከዚያማ ማን ይቻለን! አንዱ በሬ አዋሰው፣ አንዱ ዘር ገብስ ሰፈረለት፤ «የኛው ሰው ነው» ተባለ። ሁዳዴ ስለነበር ምንም አልተገለጠም። የፋሲካ ለት በማኅበሩ ቤት ሥጋ ሲቀርብ ግን ይመር እጁን ሰበሰበ። ምን ነካህ ቢሉት «ጾም ላይ ነኝ» አለ። በፋሲካ! ውሸት እንኳ አያውቅበትም፣ ምስኪን። በማግሥቱ በሬውን ነዱበት። ሰውየው ግን ያው የትናንቱ ጎበዝ አራሽ ነበር።

ማኅበሩ አቶ አለበልን «ተታልዬ ነው ይበሉና ጽዋዎን ይጠጡ» አላቸው። እሳቸውም «ዐውቄ ነው ያሰርኩት» ስላሉ ተሰረዙ። ይመርን ከወንዙ ማዶ ከራሳቸው መሬት አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ደቦ የወጣላቸው የለም፤ ያጨዱላቸው ይመርና ልጆቹ ናቸው። በየወሩ የማኅበሩ ለት ጋቢያቸውን ለብሰው ከደጃቸው ይቀመጡ ነበር፤ የጠራቸው ግን የለም። ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ። ማኅበርተኞች፣ መልሷቸው ብዬ ስንቴ ለመንኳችሁ፤ እኔም ደከመኝ።

ጎናቸውን ታመው ሲሰነብቱ ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ማኅበርተኞቻቸው ተሸክመው እንዲቀብሯቸው። ትናንት መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. በተወለዱ በ፷፰ ዓመታቸው አረፉ። ወይዘሮ ስንዱ፣ ልጆቻቸው ፈትለወርቅና ዓለምጸሐይ፣ የይመርም ቤተሰብ ሐዘን ላይ ናቸው።

ከቤታቸው እስከዚህ ደጀ ሰላም ቃሬዛውን የተሸከምነው ይመር፣ ሁለቱ ልጆቹና እኔ ነን። እነሱ ከዚህ አልፈው አይገቡም፤ እኔ ብቻዬን አልችልም።

እንግዳውን ከየት መጣህ ሳይል የተቀበለው አብርሃም ነፍሳቸውን በዕቅፉ ያኑርልን። ቃሬዛው መሬት ላይ ነው። ማኅበርተኞች፣ ኑ አንሷቸው።