ናይሪ ሰማሁ ያለችው ወፍ

ዲሴምበር 2
ከጓደኛዬ ከናይሪ ጋር ከድልድዩ ማዶ እስከ ጫካው መግቢያ። አዲስ ነገር የለም። ሃምሳ ስምንት ላይ ቆሜያለሁ። ከቤቴ በእግሬ ሄጄ ያየኋቸው ወይም የሰማኋቸው ብቻ ናቸው የሚቆጠሩት... እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስልሳ ዓይነት ወፍ። አምና ሦስት ጎደለኝ። ሌን "ማን አስገደደሽ?" ይላል። ባሌ እንዲህ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ለዚህም ነው የሚያንገበግበኝ።
ሻይ እየጠጣን ሳለ ናይሪ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ዝናብ መጣ ማለቷ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። እውነትም መጣ፣ ሮጠን ገባን።
ፌንጣዎቹ ዘንድሮ ዝም ብለዋል። ጎረቤታችን ክላይቭ አጥሩ ሥር መርዝ ሳይረጭ አይቀርም። ጠየቅኩት። "ኧረ በፍጹም" አለ። ታዲያ ዓይኑን ምን አስበረገገው?

ዲሴምበር 6
ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ የወፍ ማኅበራችን ሰሌዳ ላይ ናይሪ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? ቲቲፖናሙ! "ማክሰኞ፣ ጫካው መግቢያ፣ በድምፅ።" ማክሰኞ እኮ አብሬያት ነበርኩ! ከአንድ ፔርሙዝ እየጠጣን! ምንም አልጮኸም። ያቺ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ጅራት አልባ ወፍ እዚህ ከጠፋች ስንት ዓመቷ...
ናይሪም እንደ እኔ ትቆጥራለች፤ በዚህች ወፍ ስልሳ ሞላላት። አሃ።
ሠላሳ ዓመት አብረን ዞረናል። ዋሽታ አታውቅም። ወይስ ነቅቼባት አላውቅም? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

ዲሴምበር 11
ላጠምዳት ብዬ እዚያው ወሰድኳት።
"ያቻት!" አለች።
"የት?"
"ከራስሽ በላይ! አትሰሚም እንዴ?"
"እሰማለሁ" አልኩ። ዋሸሁ። ውሸታምን በውሸት ካልሆነ በምን ይይዟታል? ጫካው ጭጭ ብሎ ነበር፣ ቅጠል እንኳ አልተንኮሻኮሸም። እሷ ግን ደስታ ፊቷ ላይ... ምን ዓይነት ተዋናይ ናት!

ዲሴምበር 15
ሰሌዳውን ለሚይዘው ለሞሪስ ነገርኩት። "ናይሪ? የእኛዋ ናይሪ?" አለ። ሁለቱንም ቀን አጠገቧ ነበርኩ፣ ምስክር ነኝ አልኩት። ራሱን እያከከ አጠፋው። ከስልሳ ወደ ሃምሳ ዘጠኝ።
ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ዲሴምበር 18
ሃምሳ ዘጠኝ! ኩሬው ላይ ጥቁር ዳክዬ። ለናይሪ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እሷም አልደወለችም። ሱቅ ስገባ ሞሪስና ባለሱቋ ወሬያቸውን አቋረጡ። ስለ እኔ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ዲሴምበር 22
ድምፁን አጥንቼ በማስረጃ ልይዛት አሰብኩ። የቲቲፖናሙን ጩኸት ስልኬ ላይ አውጥቼ ከፈትኩት። ዝም። ድምፁን ጨመርኩ። ዝም። ስልኩ ተበላሽቷል አልኩ።
ሌን ከበረንዳው፦ "ኧረ ያንን ሲርሲር የሚል ነገር አጥፊልኝ! ጆሮዬን በሳው!"
"የቱን?"
"እጅሽ ላይ ያለውን ነዋ!"
ቁጭ አልኩ።
"ሌን... ፌንጣዎቹስ?"
"ምን ሆኑ? ከጠዋት ጀምሮ ይንጫጫሉ።"
ወፏም ነበረች። ፌንጣዎቹም አሉ። የሌለው ቀጭን ድምፅ የሚሰማ ጆሮዬ ነው።

ዲሴምበር 23
ክላይቭን ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቀ። ከባዱ ገና አለ።

ዲሴምበር 25
የገናውን የበግ ጥብስ ከሌን ጋር ለሁለት በላን። ሌላ ጊዜ የክሬም ኬኩን ይዛ የምትመጣው ናይሪ ነበረች።

ዲሴምበር 27
ደጇ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ግቢ አላለችኝም።
"ሞሪስ ሲያጠፋው አይቻለሁ" አለች። "ማን እንደነገረው ሳስብ ግን አንቺ ትዝም አላልሽኝ። ያን ቀን ጣቴን ሳነሳ ራስሽን ነቀነቅሽ እኮ!"
"ዝናቡን ነበር የመሰለኝ።"
"ሠላሳ ዓመት፣ ኖሊን! 'አልሰማሁም' ማለት ይህን ያህል ከበደሽ? እኔን ከምትጠረጥሪ ጆሮሽን አትጠረጥሪም?"
አፈርኩ። ከደጇ ቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄድኩና ሰው እያየኝ በእጄ ጻፍኩ፦ "ናይሪ፣ ስልሳ። ስህተቱ የኖሊን ነው።"

ዲሴምበር 31
ጠዋት በር ተንኳኳ። ናይሪ ናት፣ ባይኖኩላሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። "አልታረቅኩሽም" አለች። "ግን ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ ተነሺ።"
ጫካው መግቢያ ቆምን። የእጄን አንጓ ያዘች። "በጮኸች ቁጥር እጫንሻለሁ" አለችኝ።
ትንሽ ቆይታ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫነችኝ። ተወት አደረገች። እንደገና ሦስት። ቀና አልኩ... ቅጠል ብቻ። አንገቴ እስኪደነዝዝ ፈለግኩ፣ አላየኋትም።
"ትቆጥሪያታለሽ?"
"አላየሁ፣ አልሰማሁ። በምን ሕግ?"
"እልኸኛ!"
እናም ዓመቱ በሃምሳ ዘጠኝ አለቀ። ከፋኝ፣ አልዋሽም። ቀጣዩ ወር ኔልሰን ከተማ ሄጄ ጆሮዬን ለሐኪም አሳያለሁ፤ ሌን ቀጠሮ አስይዟል።
ናይሪ እንደገና ተጫነችኝ። ወፏ መጮኋን በምን አውቃለሁ? ዝም ብላ ብትጫነኝስ? ቀና ብዬ ፊቷን አየት ላደርግ ነበር... ተውኩት። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰጠኋት።