ገጽ አርባ ሦስት ላይ ያለችው አክስትሽ

ለልጄ ለትንቢት ዋኘው፣

የዲማው ጊዮርጊስ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የጓሮው ጌሾ ግን ደረቀ።

የየአገሩን ጭፈራ ፎቶ ያነሳሽበት መጽሐፍ ደረሰኝ። ገጽ አርባ ሦስት ላይ አክስትሽ ካሰች ደረቷን እየመታች ስትዘል አየኋት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «የደስታ ጭፈራ፣ ጎጃም» ይላል። ልጄ፣ ይህ የአባትሽ ቀብር ነው። ካሰች ወንድሟን ስታለቅስ አጠገቧ ቆመሽ ነበር። በሌላው አገር ጭፈራ ብትሳሳቺ ይቅር እልሽ ነበር። ጽሑፉን ሌላ ሰው ጻፈው እንዳትዪኝ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።

ካሰች ማክሰኞ ከደብረ ኤልያስ መጥታ ፎቶዋን አየችና «ምን ይላል?» አለችኝ። «የእህት ለቅሶ ይላል» አልኋት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር ያልተጻፈ አንብቤ አላውቅም። እሷ ግን ገጹን ሳመችው። «ሰው ሁሉ ሲረሳው የወንድሜ ልጅ አስታወሰችው፤ ትባረክ!» አለች። ምርቃቷ አንገበገበኝ።

ለሙት ዓመቱ ልጆቿን ይዛ ልታሳያቸው ትመጣለች፤ እነሱ እንግሊዝኛ ያነብባሉ። እባክሽ ከዚያ በፊት ደውለሽ እውነቱን ራስሽ ንገሪያት። እኔ ሁለተኛ አልዋሽልሽም።

የመረቀችሽን እግዚአብሔር አይውሰድብሽ።

እናትሽ