ራህዋ በማን ስም ትሂድ?

ሰኞ

"የአንተ ቪዛ ተፈቀደ፤ የራህዋ ተመለሰ።" ለተይ ጠዋት የላከችልኝ የድምፅ መልእክት የሚጀምረው በዚህ ነው። ሰላምታ እንኳ የለውም። ባለቤቴ ባርባዶስ ደሴት ሄዳ በነርስነት ከተቀጠረች ወዲህ እንዲህ ደንግጣ ሰምቻት አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለተይ የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ስላላት ባሏንና ልጆቿን መውሰድ ትችላለች። ባል እኔ ነኝ። ልጅ የሚሉት ግን የወለዱትን ወይም በፍርድ ቤት የተረከቡትን ነው። ራህዋ የለተይ የእኅት ልጅ ናት። እናቷ በጦርነቱ ጊዜ መድኃኒት ጠፍቶ ሞተች። አባቷ ኪሮስ ያኔ ይኑር ይሙት አይታወቅም ነበር። ስለዚህ እኛ ጋ አደገች። እኔን ባባ ትለኛለች። ይህን ሁሉ ለኢሚግሬሽን ሰዎች እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ አላውቅም።

የእኔም ፈቃድ ቀነ ገደብ አለው። እስከዚያ ካልገባሁ ይሰረዛል።

ዛሬ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ማክሰኞ

ከትምህርት በኋላ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ቢሮ ያለው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ያሰብኩትን ነገርኩት፦ ልጅቷን በጎብኚ ቪዛ ይዣት ልግባና እዚያው ሆኜ ላራዝምላት? ራሱን ነቀነቀ። በጎብኚነት የገባ ሰው ልኑር ብሎ ሲያመለክት፣ ውጣና አገርህ ሆነህ ጠይቅ ይሉታል አለኝ። ትምህርት ቤትም አይመዘግቧትም። እውነቱን ነው፤ የለተይ ባልደረባ ቤተሰቦች እንደዚያ ሆነው ተመልሰዋል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መምህር፣ ምን አደከመህ? በአንተና በባለቤትህ ስም የልደት ምስክር ወረቀት ይውጣላት። መዝገቡ በጦርነቱ ጠፋ በል። ማን ያጣራል?"

እውነቱን ልጻፍ፤ ተስማማሁ። ነገ ፎቶዋን ይዤ እመጣለሁ ብዬው ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ደውዬ ለለተይ ነገርኳት።

"የሓፍተይን ስም ከልጇ ላይ አልፍቅም" አለች። ስትናደድ እኅቴ አትልም፤ ሓፍተይ ነው የምትለው። "ኪሮስም በሕይወት አለ። ሂድና ጠይቀው።"

"እምቢ ቢልስ?"

"አባቷ አይደል? እምቢ ካለ እምቢ ነው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተናደድኩባት። ደሴት ላይ ሆኖ መናገር ቀላል ነው። ኪሮስ ፊት የምቆመው እኔ።

ረቡዕ

ፈቃድ ጠይቄ ከሰሜን መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ውቅሮ ሄድኩ። ኪሮስ የሚሠራው ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው። ከጦርነቱ የተመለሰው ግራ እግሩ አልታጠፍ ብሎት ነው። ያኔ "ራሴን እስክችል እናንተ ጋ ትቆይ" አለን፤ በየበዓሉ እየመጣ ያያታል።

መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ትግርኛዬ ለገበያ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም። ሲያየኝ እጁን አራገፈና "ከመይ ውዒልካ መምህር" ብሎ ሰላም አለኝ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ።

"ራህዋ አመማት?"

"ደህና ናት።"

የደረቀ ብሎኬት ላይ ተቀምጠን ነገርኩት። ጉዳይ አስፈጻሚው ያለኝንም ነገርኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጥፍሩ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ እየፋቀ ሰማኝ።

"ያለ እኔ ማድረግ ትችሉ ነበር ማለት ነው" አለ።

"እንችል ነበር።"

"ለበዓል ስመጣ በሩን ተዘግቶ ባገኘው..." አልጨረሰውም። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን አለ? ሰዉ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ? ትግርኛ ማን ያናግራታል? ለተይ አልኩት። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግን የማውቀው አልነበረኝም፤ እጠይቃለሁ አልኩ።

በመጨረሻ "ክሓስበሉ እየ" አለ። አስብበታለሁ ማለቱ ነው። እያነከሰ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሳይቆጣኝ መቅረቱ ይበልጥ ከበደኝ።

ሐሙስ

ፍርድ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ጉዲፈቻ ረጅም ነው፤ ሞግዚትነት ይቀላል አሉኝ። አባትየው ግን ራሱ ቀርቦ መስማማቱን በአንደበቱ መናገር አለበት። ልጅቷም ትጠየቃለች። ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ሆነ። ለኪሮስ ብደውል አያነሳም። መልእክት ላክሁ።

ቤት ስገባ ራህዋ ምሳዋን ሳትነካ ጠበቀችኝ። ከለተይ ጋር ሳወራ ሰምታለች።

"ባባ፣ የእናቴ ስም ይቀየራል?"

"አይቀየርም።"

"የአባቴስ?"

"የእሱም አይቀየርም።"

"እሱ ግን አብሮን አይሄድም።"

አይሄድም አልኩ። ትንሽ አሰበችና መብላት ጀመረች።

ቅዳሜ

ኪሮስ ዛሬም ስልኩን አያነሳም።

ስገባ የማሳየው የእኔ ወረቀት እያለቀ ነው። የፖሊስ የአሻራ ማረጋገጫ ወጣ። የደረት ራጅ ንጹሕ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ተተረጎመ፤ ማኅተም ብቻ ቀረው። የራህዋ ምንም የለም።

ለተይ ደወለች። "ምናልባት አንተ ቅደም። እሷ ቃላሚኖ ሰፈር አክስቴ ጋ ትቆይና በኋላ..." ብላ ማልቀስ ጀመረች። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔንም ያስፈራኝ ሐሳቡ መጥፎ አለመሆኑ ነው።

ሰኞ

ኪሮስ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

"ስልክህን ለምን አታነሳም?" አልኩት።

"እንዲህ ያለ መልስ በስልክ አይነገርም።"

ዳኛዋ በትግርኛ ጠየቁት። ልጅዎን ለእነዚህ ሰዎች ሰጥተዋል?

"አልሰጠሁም" አለ። "ልጄ ናት። እኔ በማልደርስበት አገር ግን እነሱ ይጠብቋት ብያለሁ። ወድጄ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።"

ራህዋን ለብቻዋ አነጋገሯት። ምን እንዳለች አልነገረችንም። ስትወጣ መጥታ የአባቷን እጅ ያዘች።

ሞግዚትነቱ ተፈቀደ። ደሴቲቱ ትቀበለው እንደሆን ግን ገና አይታወቅም። ለተይ እዚያ ጠይቃ፣ "እንዲህ ያለውን ጉዳይ እያንዳንዱን ለብቻው ነው የምናየው" ብለዋታል።

ኪሮስን ወደ መናኸሪያ ሸኘነው። ራህዋ ውሃ ልትገዛለት ስትሄድ፣ "ባይቀበሏትስ?" አለኝ።

"እኔም አልሄድም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ለተይስ?"

ራህዋ መጣችና ውሃውን ሰጠችው፤ መኪናው እስኪወጣ ቆመን ጠበቅን።

ለለተይ ስለ ፍርድ ቤቱ ስነግራት በደስታ እልል አለች። ራህዋን ባይቀበሏት እኔም አልሄድም ማለቴን ግን አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ። ሐሳቤን የምቀይር አይመስለኝም።