አራት ጁምዓ የፈጀው እርቅ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ለሚ፣
የቡና መጋዘኑ ሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና እንቅልፍዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከእንቅልፉ በቀር።

ሙሐመድሳኒ እባላለሁ፤ የሄርማታ ሰፈር ልብስ ሰፊ፣ በመጋዘንዎ ቡና የምትለቅመው የሂንድ አጎት ነኝ። ላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

፩. ሂንድ የፈረቃ አለቃዋ ሀምዳን በጆንያዎቹ መሃል ወገቧን እየያዘ እንዳስቸገራት በጽሑፍ ስታመለክት፣ ማመልከቻዋን በክብር ተቀብለው መሳቢያዎ ውስጥ ስላሳረፉላት እናመሰግናለን። ከአቧራ ድኗል።

፪. «የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ሽማግሌ ይጨርሰው» ብለው ስለመከሩን፣ እኔንም ከሽማግሌዎቹ ስለቆጠሩኝ ክብር ተሰምቶኛል። ጫታችንን ይዘን አራት ጁምዓ ተቀመጥን። እኔም እንደ ልማዴ «ጥፋቱ የመልክሽ ነው» ብዬ ጉባኤውን አሳቅሁ። ሂንድ አልሳቀችም። «አጎቴ፣ እኔ እኮ ያመለከትኩት እንዲታረቀኝ ሳይሆን እንዲተወኝ ነው» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ሀምዳን «አውፍ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዱዓ ተደረገ፣ የእርቁንም ወረቀት ያስፈረምኳት እኔ ነኝ።

፫. ከዚያ በኋላ የአዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ፎቶ ኮፒ ገዝቼ አነበብኩ። ትምህርት ቤት ባልገባም ማንበብ አያቅተኝም፤ ጥፋቴ ከእርቁ በኋላ ማንበቤ ነው። ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ ካሳ መጠየቅ እንደምትችል፣ ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ አሥራ አምስት የሥራ ቀን ካለፈው እንደሚቀር ተጽፏል። አራት ጁምዓ ስንት የሥራ ቀን እንደሚያቅፍ እርስዎ አስቀድመው ያውቁ ኖሯል። እርስዎ ቀን ሲቆጥሩ እኔ ቀልድ እቆጥር ነበር። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ ግማሽ የተጻፈው ለእኔ ነው።

የትዕግሥትዎ አድናቂ፣ በምላሱ ያፈረ፣ የእህቱን ልጅ ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ ያጣ፣
ሙሐመድሳኒ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሰኞ ሀምዳን «አጎትሽ አስታርቆን የለ?» እያለ ሂንድን እንደገና ይዟታል። አብራት የምትለቅመው ዙቤይዳ በዓይኗ አይታለች፣ ለመመስከርም ፈቅዳለች። እንግዲህ አሥራ አምስቱ ቀን እንደ አዲስ ከሰኞ ይቆጠራል ማለት ነው። ሂንድ ዛሬ ጠዋት ሥራዋን ለቃ ክሷን ለፍርድ ቤት አስገብታለች። እኔም የእርቁን ወረቀት ተጭኛት እንዳስፈረምኳት በዳኛው ፊት በራሴ ላይ እመሰክራለሁ፤ ማን እንደመከረኝ ሲጠይቁኝ ግን ብቻዬን እንዳልቆም እርስዎም ቢገኙልኝ ደስ ይለኛል።