«ተመስገን» ላለ አምስት

ይድረስ ለምወድህና ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለቢሻው፤ ካለህበት ከሁመራ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምህ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ከትንሣኤ ወዲህ ያለው የቆላ ሐሩር እንዴት አድርጎሃል? አብሮህ የወረደው ላቀውስ እንደምን ነው? ያ ሳሉ ለቀቀው? የእስቴዎቹ ጓደኞችህ ሁሉ ደህና ናቸው? ናፍቆትህ እንደ ጥቅምት ውርጭ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ደብዳቤ እንዲህ እንደሚጻፍ አንተው ነህ ያስተማርኸኝ። ዛሬ ግን አልጽፈውም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን አንብበህ ስትጨርስ ታውቀዋለህ። እምዬ በሕይወት አለች፣ ታናሽ እኅታችን ተዋበችም አለች፤ የሞተ የለምና አትደንግጥ። የደነገጥሁት እኔ ነኝ። እስካሁንም ድንጋጤው ከላዬ አልወረደም።

ባለፈው እንደጻፍሁልህ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቴን እንድፈጽም የተመደብሁት በገዛ አገሬ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የጥናት ቡድን አለ። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በበቅሎ እየዞርን ገበሬው ስለ ኑሮው ምን እንደሚያስብ እንጠይቃለን። ትምህርቱን ስጀምር ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። ለካ የሰውን ጠባይ መመርመርም እንደ እርሻ ደንብ አለው። ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት አነጋገር መጠየቅ ነው። መልሱን በአፉ አለማጉረስ ነው። የራስን ዘመድ አለመጠየቅ ነው። አገሩን ሁሉ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ነቀዝ መግባቱን ለማወቅ ከጎታው አፍ፣ ከወገቡና ከግርጌው አንዳንድ እፍኝ ማውጣት ይበቃል። ከአፉ ብቻ የዘገነ ግን ራሱን አታለለ።

ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው አንድ ትምህርት ነው፤ መለኪያችሁ የሚለካው የምትፈልጉትን ነገር ነው ወይ የሚል። ፈተና ላይ በእኛ አገር ምሳሌ መለስሁት። ግርጌው በጭቃ የተደፈነ ቁና ሁልጊዜ እኩል ይሰፍራል፤ ሁልጊዜም ይዋሻል ብዬ ጻፍሁ። መምህሩ ወደዱት። ያ ቁና እኛው ቤት እንደሚመጣ ግን አላወቅሁም።

መጠይቁ ከውጭ አገር ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ዋናው ጥያቄ «በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል። መልሱ አምስት ደረጃ አለው፤ አንድ ማለት እጅግ የከፋው፣ አምስት ማለት እጅግ የረካ ነው። በአርብ ገበያ የመጀመሪያውን ገበሬ ስንጠይቅ ሰውዬው «ተመስገን» አለን። ንጉሴ የሚባለው የአዲስ አበባ ልጅ ደረጃዎቹን በዝርዝር አነበበለት። ሰውዬው በትዕግሥት ሰማውና «ኧረ ተመስገን ነው ልጄ» ብሎ በድጋሚ መለሰለት። የሚቀጥለውም፣ ከእሱ የሚቀጥለውም ያንኑ አሉ። የቡድኑ አለቃ ዶክተር አዳነ፣ መዝገቡ እንዳይጓደልባቸው ብለው ፈረዱ፤ ተመስገን ላለ ሁሉ አምስት ይጻፍለት ተባለ። እኔ እንኳ ያን ለት ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

አንተ የአገርህን ሰው ታውቃለህ። ተመስገን የሰላምታው በር እንጂ ቤቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ስለ ከብቱ ይጠየቃል፣ ስለ አዝመራው ይጠየቃል፣ ስለ ጎረቤት ይወራል። እውነቱ የሚመጣው እንግዳ ሊሄድ ብድግ ሲል፣ ደጃፍ ላይ ነው። እኔም እንደ አገሬ ወግ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ልወጣ ስል «ብቻ ልጄ፣ ዘሩን በልተነዋል» ይሉኛል። እሱን እጽፋለሁ። ስለዚህ ንጉሴ አምስት አምስት ሲያመጣ እኔ አንድና ሁለት አመጣለሁ። ዶክተሩ ግን ሁላችን እኩል ካልጠየቅን ጥናቱ አይነጻጸርም አሉኝ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ዋሹ አልልህም።

ቡድኑ ወደኛ ቀዬ ሲደርስ የራስን ዘመድ አለመጠየቅ በሚለው ደንብ እኔን ወደ ሌላ ደብር ላኩኝ። ሲመሽ ቡድኑ ወደሚያድርበት ወደ ወገዳ ተመለስሁ። ንጉሴ ጫማውን እያወለቀ ሲስቅ አገኘሁት። «ዛሬስ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ፤ ስድስት የሚባል ቢኖር ስድስት እሰጣት ነበር» አለን። ቂጣ እንደጋገረችለት፣ ቆሎ እንደቆላችለት፣ ምን ጎደለኝ ተመስገን እንዳለችው ነገረን። ከኪሱ ባቄላ ቆሎ አውጥቶም አዘገነን። እኔም ዘግኜ መቆርጠም ያዝሁ። ከዚያ ንጉሴ እየሳቀ፣ ከቤቷ ሲወጣ ምን እንዳለችው ጨመረ። ሁመራ የሚባል አገር ታውቃለህ ወይ፣ ልጄን አይተኸው ይሆን ወይ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው ብላ ጠይቃው ነበር።

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። ቢሻው፣ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ቤታችን ገባሁ። እምዬ ደጃፍ ላይ አገኘችኝና ነጠላዋን አጥብቃ አቀፈችኝ። ክንዷ እንደ ጭራሮ ቀጥኗል። እንደምን ነሽ ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? «ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎደለኝ።» ለእኔ! ከማህፀኗ ለወጣሁት! አልፌያት ገባሁና እጄን ጎታው ውስጥ ከተትሁ። እስከ ብብቴ ገባ፤ የነካሁት የግርጌውን ጭቃ ነው። የዘር ባቄላ የምታኖርበት ገንቦ በአፉ ተደፍቷል። የቀረውን ትንሽ ባቄላ ለንጉሴ ቆልታለታለች። ለሰኔ ያስቀመጠቻትን የዘር ገብስ ለንጉሴ ፈጭታ ጋግራለታለች።

ምን ነካሽ ብዬ ጮህሁባት። እሷ ግን እንደ ሞኝ አየችኝ። ደጅ የቆመ እንግዳ ጦሙን ይሂድ ወይ አለችኝ። «በዚያ ላይ የመንግሥት ሰው ነው። ሄዶ የየሻረግ ቤት ባዶ ነው ብሎ ያውራብኝ?» ምን ልትዘሪ ነው ስላት የሰኔ አምላክ አለ ብላ ፊቷን አዞረች። ቀሪውን ያወጣችልኝ ተዋበች ናት። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ የሚበሉት የተቀቀለ የሳማ ቅጠል ነው። ጦም በሌለበት በበዓለ ኀምሳ መካከል እናታችን በጦም ላይ ናት። ቡድናችን ደግሞ እጅግ የረካች ብሎ ጽፎላታል።

ተመልሼ ለዶክተር አዳነ ሁሉንም ነገርኋቸው። በጨዋ አነጋገር መለሱልኝ፤ የእናትሽ ቤት አንድ ቤት ነው፣ አንድ ቤት ደግሞ ጥናት አይሆንም አሉኝ። እንግዲያስ ጥያቄውን አቅንተን ሁሉንም ቤት እንደገና እንጠይቅ አልሁ። ጊዜ የለም አሉ። የእኔን ወረቀቶች ከሌሎቹ ጋር አስተያዩና ወይ አገሩ ተሳስቷል ወይ አንቺ ተሳስተሻል ብለው የእኔን ለብቻ አወጡት።

ረቡዕ ለት በወረዳው ገዥ አዳራሽ ተሰበሰብን። አንድ ነገር ልንገርህ፤ የደብሮቹ ሽማግሌዎች ከደብረ ታቦር የዘር እህል እንዲላክላቸው በመጋቢት አቤት ብለው ነበር። ገዥውም ጥናቱ እስኪያልቅ ጠብቁ ብለዋቸው ነበር። ዶክተሩ ተነሥተው ውጤቱን አነበቡ። ከዞርንባቸው አገሮች ሁሉ በኑሮው እጅግ የረካው የስማዳ ሕዝብ ነው አሉ። ቀጥለውም በአገሬው ሽማግሌዎች ፊት፣ ከተማሪዎቻችን አንዷ የዚሁ አገር ተወላጅ ስለሆነች ልቧ ራርቶ የራሷን ሐዘን የሕዝብ ቃል አስመስላ ጽፋለች፤ የእሷን አስወግደነዋል አሉ። ስሜን አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም፤ በአዳራሹ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ፊቴ እንደ ፍም ጋለ፤ ተነሣሁ። «ክቡር ሆይ፣ ተመስገን የተባለው ለእግዚአብሔር ነው፤ ለንጉሴ አይደለም። እኛ ጸሎት ሰምተን መልስ ነው ብለን ጻፍን» አልሁ።

ገዥው ጥቂት አሰቡ። ደግ ሰው ናቸው ይባላል፤ ሊያጣሩ ፈልገው ይመስለኛል፣ አቤቱታውን ይዞ ወደመጣው ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ አያ ገብሬ ዞሩ። እንዴት ናችሁ ገብሬ፣ ኑሮ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። አያ ገብሬ ተነሣ፣ ነጠላውን አደገደገ፣ እጅ ነሣና «ተመስገን ጌታዬ፣ በጥላዎ ሥር ምን እንሆናለን» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ገዥውም ሳቁ። የዘሩ ነገር በዚያው ታጠፈ።

ከስብሰባው በኋላ ዶክተሩ ጠሩኝ። የጻፍሁት የራሴ ፈጠራ እንደሆነ አምኜ ብፈርም አገልግሎቴ እንደሚታሰብልኝ፣ ካልፈረምሁ ግን ለዩኒቨርሲቲው እንደሚጽፉ ነገሩኝ። ስሜን ለውሸት አላውስም ብዬ ወጣሁ። ስለዚህ ምናልባት አልመረቅም። አንተ ለእኔ ትምህርት ብለህ ቆላ መውረድህን አልረሳሁትም፤ ይህን ስጽፍልህ ደሜ ይፈላል። ቢሆንም ብፈርም ኖሮ የእምዬን የዘር ባቄላ ሁለት ጊዜ መብላት ይሆንብኝ ነበር።

አያ ገብሬ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። አፉን ሳይከፍት ቁጣዬን አወረድሁበት። ያን ሁሉ መንገድ አቤቱታ ተሸክመህ መጥተህ እንዴት ተመስገን ትላለህ አልሁት። እሱም ተቆጣ። «አንቺ ልጅ፣ ገዥ እንዴት ናችሁ ሲል ሌላ ምን ይባላል? ሆዴ ባዶ ነው ይባላል?» አለኝ። አቤቱታው ግን ያንኑ ይል የለም ወይ ስለው፣ «እሱማ ወረቀት ነው፤ ወረቀት አያፍርም» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳናስበው ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ በራልኝ። እኛ ሰዎች በአፋችን አንናገርም። እንግዲያስ አፍን መጠየቅ ምን ያደርጋል?

አሁን የማደርገውን ስማ። ከሐሙስ ጀምሮ ከአያ ገብሬ ጋር ከላይኛው፣ ከመካከለኛውና ከታችኛው ደብር ቤቶች በዕጣ እያወጣን ዞረናል፤ ከጎታው አፍ ብቻ እንዳይሆን። ለሁሉም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ማታ ምን በላችሁ? እየመለሱም እያፈሩም ከእራታቸው ጥቂት በጨርቅ ይቋጥሩልኛል። ሳማ ነው፣ ጎመን ነው፣ አንዳንዱ ቤት የገብስ ገለባ የተቀላቀለበት ቂጣ ነው። ነገ ሰኞ ቋጠሮዎቹን ይዘን ወደ ደብረ ታቦር እንነሣለን። እንዴት ናችሁ ሲሉን ተመስገን እንላለን፤ ሌላ አይወጣንም። ከዚያ ቋጠሮውን እንፈታለን። ንጉሴም ሰማ። ዓይኔን ማየት አቅቶት በቅሎውን አምጥቶ ደጄ አሰረልኝ፤ ከዚያ አልፎ ግን አብሮን ለመምጣት አልደፈረም። ከቡድኑ ስለወጣሁ የማድረው በጨው ነጋዴው በይማም ቤት ነው። ሚስቱ እትዬ ሩቅያ እንደ ልጇ ይዛኛለች። ይህን ደብዳቤም ይማም በጎንደር በኩል ይልክልኛል።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እምዬ «እንደምን አለህ፣ ልጄ» ትልሃለች፤ ትናንት ማታ ሳማ ቅቅል በልታለች፣ ጨው ነበረው። ተዋበች በናፍቆት ትስምሃለች፤ እሷም ያንኑ በልታለች፣ ከእምዬ ድርሻ ግማሹን ጨምራ። እምዬ አልራበኝም አለቻት። አያ ገብሬ ጤና ይስጥልኝ ይልሃል፤ ምንም አልበላም፣ ለልጅ ልጆቹ ትቶ ተኛ። እትዬ ሩቅያ ሰላም ትልሃለች፤ ሽሮ በልታለች፣ ለእኔም አካፍላኛለች። ለላቀው ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ምን እንደበላም ጠይቅልኝ።

ደግሞ አንተ። ደብዳቤዎችህን ከእምዬ ሙዳይ አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኋቸው። ሁሉም ተመስገን ደህና ነኝ ይላሉ። እምዬና እኔ እያነበብን አምስት ስንሰጥህ ኖረናል። ወንድምዓለም፣ እኔ የመንግሥት ሰው አይደለሁም፤ አትፈርብኝ። የት ነው የምታድር? ወባው ስንት ጊዜ ጣለህ? ትናንት ማታ ምን በላህ? እሱን ጻፍልኝ። ተመስገንን ከዚያ በኋላ ጨምርበት፤ እኔም አሜን እላለሁ።

እኅትህ ፈትለወርቅ
ወገዳ፣ ስማዳ
ግንቦት 19 ቀን 1965 ዓ.ም.