ብቻዬን የወረድኩበት ውሃ

ኅዳር 3
ሁለት የውሃ ታንከር በየድኩ። አንዱ ያፈሳል። ነገ እንደገና... ወገቤ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ማታ ለብቻ እራት። ሚስቴ ካረፈች ስምንት ወር ሞላ።

ኅዳር 5
የተጠመቀችበት ቀን ትዝ አለኝ። “አብረን ወደ ውሃው እንውረድ” ብላኝ ነበር። የሚጠመቅ ሁሉ መጋቢው ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። መጋቢው ያኔ ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ! “ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ይሄ ጩጬ ሊፈትነኝ?” አልኳት።
“አንተ ሰውዬ፣ እውቀትህን ማን ጠየቀህ?”
ብቻዋን ወረደች። ከውሃው ስትወጣ መጀመሪያ የፈለገችው ዓይኔን ነው። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው... ያቺን ዓይን አሁን ከየት ላምጣት?

ኅዳር 9
ሄድኩ። የጥምቀት ትምህርት። ስድስት ሰው፣ የፕላስቲክ ወንበር። አስተማሪዋ ነርስ ናት፣ ብወልድ ልጄን የምታህል። ከጎኔ የተቀመጠው የታክሲ ሾፌር፣ “ፋዘር፣ ዘገዩ እንጂ አልቀሩም!” ብሎ ሳቀ።
“አባባ፣ ለምን መጠመቅ ፈለጉ?” አለች ነርሷ።
መልሱን አሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ይዣለሁ። አወጣሁት... ፊደሉ ተደበላለቀብኝ።
“ሚስቴ ናፈቀችኝ” አልኩ።
ነርሷ ቀስ ብላ፣ “ውሃው ወደ እሷ አይወስድዎትም፣ አባባ። የሚቀበሩት ከክርስቶስ ጋር ነው። የሚነሱትም ከእሱ ጋር” አለችኝ።
ተነስቼ ወጣሁ። ለእኔ ነው ይሄ የሚነገረው? ገጽ ሦስት ላይ ጽፌዋለሁ!

ኅዳር 12
እውነቷን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ኅዳር 14
የማይረባ ነገር ሠራሁ። ለማንም አልናገርም።
አዲሱን ታንከር ያፈስ እንደሆነ ለማየት ሞላሁት። ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተዋል። የወርክሾፑን በር ዘጋሁ፣ መሰላል አስደግፌ ገባሁ። የጥምቀቱን ቃል ራሴ አልኩ፣ ራሴ ጠለቅኩ። ማንበብ በራሴ፣ ብየዳ በራሴ... ይሄንንስ ለምን አልችልም?
ብቅ አልኩ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ የቀለም ሽታ፣ አንድ የራሰ ሽማግሌ። ሌላ ምንም።
ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው የገባኝ። ሞቶ ራሱን የቀበረ ሰው አለ እንዴ?

ኅዳር 16
ተመለስኩ። ነርሷ ምንም ሳትል ወንበር ሳበችልኝ። አሥራ አንዱን ገጽ ቤት ትቼዋለሁ። የታንከሩን ነገር ነገርኳት... ከአፌ አመለጠኝ። ሾፌሩ፣ “በገዛ ታንከራቸው! ፋዘር፣ መጋቢውንም ሥራ አስፈቱት እኮ!” ብሎ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ነርሷም ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። እኔም ትንሽ።
“አሁንስ ለምን ይፈልጋሉ?” አለችኝ።
“ራሴን ማዳን አልቻልኩም። ያዳነኝ አለ... የእሱ ነኝ ልል ነው።”
“ናፍቆቱስ?”
“እሱማ አለ።”
“ይኑር። የሚቀጥለው እሑድ ይምጡ።”

ኅዳር 23
መጋቢው ውሃው ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ። ሸብቷል ለካ። ምንም ከባድ ነገር አልጠየቀኝም። ጀርባዬን ደግፎ ሲያስተኛኝ እጄ የገንዳውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። “ይልቀቁት፣ እኔ ይዤዎታለሁ” አለኝ በጆሮዬ። ይሄን ሁሉ ዓመት ስንት ሰው ጠበቀኝ ይሆን? ለቀቅኩት።
ስወጣ ዓይኔ ሕዝቡ መሀል ፈለጋት። የለችም። ናፍቆቱ እንዳለ ነው። ግን ከታች፣ ውሃው ውስጥ... ብቻዬን አልነበርኩም።
ልብስ መቀየሪያው ክፍል የሸሚዜ ቁልፍ እምቢ አለኝ። ሾፌሩ መጣና ሳይጠይቀኝ ይቆልፍልኝ ጀመር። ወትሮ ቢሆን እጁን መትቼ ነበር የማባርረው።
አገጬን ቀና አድርጌ ቆምኩለት።