አልሐምዱሊላህ ባልኩ ቁጥር እንደተኛሁ ስለሚጻፍብኝ

ለተከበሩ የተሃድሶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
እስክንድርያ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለእንቅልፍዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ በክፍልዎ የዘጠኝ ቁጥር አልጋ ባለቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም የነዳሁ፣ ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መትቶኝ ግራ እጄና ግራ እግሬ የከዱኝ ሩሽዲ አብደልሻፊ ነኝ። «የመዳን ፍላጎት የለውም» ተብዬ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከእንቅስቃሴ ሕክምና እንድሰረዝ መወሰንዎን በታላቅ አክብሮት ሰምቻለሁ። ስለ ፈጣን ውሳኔዎ እያመሰገንኩ፣ ጊዜ ከተረፈዎ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነገሮች እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

፩. ከታመምኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጣሪያዎ ላይ ሃያ ስድስት ስንጥቅ ቆጥሬያለሁና ግንበኛ ሲጠሩ መረጃው ዝግጁ ነው። የአልጋ ጎረቤቴ ሐጅ በርዒ በአንጻሩ ለሁለታችንም ይተኛሉ፤ ማንኮራፋታቸው የትራሜን ፍሬን ያስንቃል።

፪. ሲስተር ኢንሻራሕ በየማለዳው «እንዴት አደሩ፣ አጎቴ ሩሽዲ?» ይሉኛል። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። በእኛ ዘንድ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ ከዚህ ሌላ መልስ አያውቅም። ሲስተርም «በደንብ ተኝቷል» ብለው ይጽፋሉ። ባለቤቴ ኒዕማት ፋይሌን ሹልክ ብላ አንብባ፣ አርባ ሦስት ሌሊት እንደ ሕፃን መተኛቴን ነገረችኝ። በዚያ ሰውዬ በጣም ቀናሁ።

፫. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የእንቅስቃሴ ባለሙያው አቶ ወጊህ ግራ እጄን ይዘው «ያንሷት፣ አጎቴ፣ ትንሽ ብቻ ያንሷት» ማለት ሲጀምሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ የጠፋው እንቅልፍ ከተፍ ይላል። ሦስት ጊዜ ትከሻቸው ላይ አንቀላፍቻለሁ፤ አንድ ጊዜማ ሸሚዛቸውን በለሃጬ አርሼባቸዋለሁ። እሳቸው ፋይሉን ሲያገላብጡ በደንብ ተኝቶ ያደረ ሰው ያያሉ። ታዲያ ይህ ስንፍና ካልሆነ ምን ይባላል? አንዲት ወጣት ሐኪም፣ አንጎል ቀን የተማረውን የሚያጠናው ሌሊት ተኝቶ ስለሆነ እንቅልፍ ማጣቴም መታከም አለበት ብለው ነበር። እሳቸውን ወደ ሌላ ክፍል አዛውረው ከእንዲህ ያለ ወሬ ስላሳረፉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬. ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እግሬ ካልተመለሰ የሰፈሩ ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ያወጡኛል፤ ከዚያ በኋላ የምወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ተኝቼ። ይህን ስጽፍ ፈርቻለሁ። ቀልዱን ለአፍታ ስላቋረጥኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ስለዚህ እንቅልፌን የሚያይ ሐኪም እንዲመድቡልኝና የእንቅስቃሴ ሰዓቴ ወደ ከሰዓት በኋላ እንዲዛወር፣ ስሜም ከመዝገቡ እንዳይሰረዝ በትሕትና አመለክታለሁ።

የጣሪያዎ ታማኝ ዘበኛ፣ የክፍልዎ ደመወዝ አልባ የሌሊት ተረኛ፣
ሩሽዲ አብደልሻፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስጨርስ ሲስተር ኢንሻራሕ መጡና «አሁንም አልተኙም እንዴ?» አሉኝ። ከአርባ ሦስት ሌሊት በኋላ ደፍሬ «አልተኛሁም» አልኩ። «ኧረ አጎቴ፣ ከእርስዎ የባሰ ስንት አለ! አልሐምዱሊላህ ይበሉ እንጂ» ብለው ተቆጡኝ። እኔም ታዛዥ ነኝና አልኩ። ወዲያው ጻፉት።